ወረፋውን ማንበብ፦ የኢሜይል ሰርቨር ከጥቁሩ መስኮት
(አራት ኪሎ አካባቢ ለሲስተም አስተዳዳሪዎች ከቀረበ የምሽት ንግግር የተጻፈ)

እንደምን አመሻችሁ። በዚህ ሰዓት ከሜክሲኮም ሆነ ከፒያሳ ተነስቶ አራት ኪሎ መድረስ ራሱን የቻለ ሥራ ነውና ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። ስላይድ አላመጣሁም። ትእዛዞቹን በቃል እየጠራሁ እሄዳለሁ፤ «ሰረዝ» ስል ከፊደሏ በፊት የምትገባዋን አጭር መስመር ማለቴ ነው። የሚጽፍ ይጻፍ፣ የማይጽፍ ያዳምጥ።

ፊት ለፊቴ የተቀመጣችሁት አብዛኞቻችሁ የቢሮ ኢሜይል ሰርቨር የወደቀባችሁ ናችሁ። ለምኖ የወሰደው የለም። የነበረው ሰው ሥራ ለቀቀ፣ ፓስወርዱ በቁራጭ ወረቀት ተሰጣችሁ፣ በማግስቱ ዳይሬክተሩ ጠርተው «ትናንት የላክሁት አልደረሰም እኮ!» አሏችሁ። ያኔ እጅ የሚሮጠው ወደ ሪስታርት ነው። የጨነቀው እርጉዝ ያገባል። ሰርቨሩ ጠፍቶ ይነሳል፣ ደብዳቤው ግን ካለበት ንቅንቅ አይልም። ያልሄደበት ምክንያት ደግሞ ከመጀመሪያው አንስቶ እዚያው ሰርቨር ላይ ተጽፎ ተቀምጧል።

ዛሬ የምለው ይህንኑ ነው። የኢሜይል ሰርቨር ደብዳቤ ሲያዘገይም ሆነ ሲመልስ ምክንያቱን ይጽፋል። በትእዛዝ መስመር ከምንጠቀምባቸው መሣሪያዎች አብዛኞቹ ይህን ጽሑፍ ለማንበብ የተሠሩ ናቸው፤ የሚሰርዙትና የሚለውጡት ጥቂት ናቸው። እኛ ግን ጥቂቶቹን ቀድመን እንማራለን።

የማወራው በዋናነት ስለ ሁለት የኢሜይል ሰርቨር ፕሮግራሞች፣ ስለ ፖስትፊክስና ስለ ዶቭኮት፣ ነው። ፖስትፊክስን የጻፈው ዊትሴ ቬኔማ በአይቢኤም የምርምር ማእከል ሳለ ሲሆን ለሕዝብ የወጣው በ1998 እ.ኤ.አ. ነው። ከእርሱ በፊት ዓለምን ይዞት የነበረው በ1980ዎቹ መጀመሪያ በርክሌይ ላይ ኤሪክ ኦልማን የጻፈው ሴንድሜይል ነበር። ቬኔማ አዲስ ነገር ሲሠራ የድሮዎቹን የትእዛዝ ስሞች አልጣለም፤ ሴንድሜይል የለመደ ሰው «ሜይልኪው» ብሎ ሲጽፍ ፖስትፊክስም ይመልስለታል። ዶቭኮት ደግሞ ፊንላንዳዊው ቲሞ ሲራይነን በ2002 ያወጣው ነው።

ሁለቱ ምን ምን እንደሚሠሩ ለማያውቅ፣ ከዚህ ወጥታችሁ ቸርችል ጎዳና ላይ ያለውን ዋናውን ፖስታ ቤት አስቡ። ከመስኮቱ ጀርባ ቆሞ ደብዳቤ የሚቀበልና ወደሌላ ከተማ የሚያስተላልፍ ሠራተኛ አለ፤ ቁልፍ የያዘ ሰው ራሱ መጥቶ የሚከፍተው የፖስታ ሳጥንም አለ። ፖስትፊክስ መስኮቱ ነው፣ ዶቭኮት ሳጥኑ። ሰው «ኢሜይሌ አልሠራ አለ» ሲላችሁ የመጀመሪያው ጥያቄ «መላክ ነው ወይስ መክፈት?» የሚለው ነው። መላክ ካለ ወደ ፖስትፊክስ ትሄዳላችሁ፣ መክፈት ካለ ወደ ዶቭኮት። ይህን ሳይጠይቅ ሰርቨር ውስጥ የገባ ሰው ግማሽ ቀኑን ያባክናል።

ከመስኮቱ እንጀምር። «ሜይልኪው» ወይም «ፖስትኪው ሰረዝ ፒ» ብላችሁ ስትጽፉ ወረፋ ላይ ያለው ሁሉ ይዘረዘራል። ለእያንዳንዱ ደብዳቤ መለያ ቁጥር፣ መጠኑ በባይት፣ የገባበት ቀንና ሰዓት፣ የላኪው አድራሻ። ከሥሩ በቅንፍ አንድ ዓረፍተ ነገር፣ ከእርሱ በታች የተቀባዩ አድራሻ። ከመለያው ጎን ኮከብ ካለ ደብዳቤው አሁን እየተላከ ነው፤ ቃለ አጋኖ ካለ ሰው ሆን ብሎ አቁሞታል። ምንም ከሌለ ተሞክሮ አልሆነም፣ ቀጣዩን ሙከራ እየጠበቀ ነው።

ዋናው ነገር ቅንፉ ነው። ብዙ ሰው መለያውንና አድራሻውን አይቶ ቅንፉን ይዘላል፤ እንግሊዝኛው ረጅም ስለሆነ ይመስለኛል። እዚያ ውስጥ «ኮኔክሽን ታይምድ አውት» የሚል ካለ ከወዲያኛው ሰርቨር ጋር መገናኘት አልተቻለም፤ ኔትዎርኩ ወይም ፋየርዎሉ ይጠየቃል። «ኔም ሰርቪስ ኤረር» ካለ የዶሜኑን አድራሻ ማግኘት አልቻለም፤ የራሳችሁ ዲኤንኤስ፣ ማለትም የዶሜን ስምን ወደ አይፒ ቁጥር የሚተረጉመው፣ ይታይ። በ4 የሚጀምር ባለ ሦስት አኃዝ ኮድ ካለ የወዲያኛው ሰርቨር «አሁን አይሆንም፣ ቆይተህ ና» ብሏል። በ5 ከጀመረ «አልቀበልም» ብሏል፤ እንዲህ ያለው ወዲያው ወደ ላኪው ስለሚመለስ ወረፋው ላይ ብዙም አታገኙትም።

አንድ ልማድ ላይ ልቆጣ። «ፖስትኪው ሰረዝ ኤፍ» የሚባለው ትእዛዝ ወረፋው ላይ ያለውን ሁሉ አሁኑኑ ሞክር የሚል ነው። ደብዳቤ ዘገየ በተባለ ቁጥር ይህን የሚደጋግሙ አሉ፤ በየደቂቃው እንዲሠራ በክሮን፣ ትእዛዝን ሰዓቱን ጠብቆ ራሱ በሚያስሠራው፣ ያስገቡትም አይቻለሁ። የፖስትፊክስ መመሪያ ራሱ ይህን ማብዛት የሌላውንም ደብዳቤ እንደሚያጓትት ይናገራል። ወዲያኛው በር ተዘግቶ ሳለ መልሶ መላልሶ ማንኳኳት ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ ነው፤ አንዳንዱ ሰርቨርማ እንዲያውም እንደ አጥቂ ቆጥሮ ይዘጋባችኋል። የግድ አንዱን ማስቀደም ካስፈለገ «ፖስትኪው ሰረዝ አይ» ብላችሁ የዚያን ደብዳቤ መለያ ብቻ ስጡት።

ፖስትፊክስ የራሱ ስሌት አለው። ካልተቀየረ በስተቀር የመጀመሪያው ሙከራ ሲከሽፍ ቢያንስ 300 ሴኮንድ ይጠብቃል፤ ክፍተቱን እያሰፋ እስከ 4000 ሴኮንድ ያደርሰዋል፤ 5 ቀን ሙሉ ሞክሮ ካልሆነ ለላኪው ይመልሳል። ይህን 5 ቀን አስታውሱት፣ ለኛ አገር በዓል ይጠቅማል። ከጸሎተ ሐሙስ ማታ ጀምሮ የቢሮው መብራት ጠፍቶ ማክሰኞ ጠዋት ቢመጣ፣ ፖስትፊክስ ከሚጠቀሙ ሰዎች የተላከላችሁ ደብዳቤ በላኪዎቹ ሰርቨር ላይ እየጠበቃችሁ ነው፣ ቀስ በቀስ ይገባል። ቢሮ ውስጥ የተተከለ የማይክሮሶፍት ኤክስቼንጅ ግን ካልተነካ 2 ቀን ብቻ ነው የሚታገሠው። ስለዚህ ከፋሲካ በኋላ «የአንዱ ደረሰ፣ የሌላው ተመለሰ» ቢሏችሁ አትደናገጡ፤ ትእግሥቱ የላኪው ሰርቨር እንጂ የእናንተ አይደለም።

ወረፋው ያለቀለትን አያሳይም። ለሄደውና ለተመለሰው ሎጉን፣ ማለትም ሰርቨሩ የሠራውን የሚጽፍበትን መዝገብ፣ ማንበብ ነው። በዴቢያንና በኡቡንቱ «ቫር ሎግ» ውስጥ «ሜይል ነጥብ ሎግ»፣ በሬድ ሃት ወገኖች «ሜይልሎግ» የሚባለው ፋይል። በተቀባዩ አድራሻ ግሬፕ ታደርጋላችሁ (ፋይል ውስጥ ቃል የሚፈልገው ትእዛዝ ነው)፣ መለያውን ታገኛላችሁ፣ ከዚያ በመለያው እንደገና ግሬፕ ታደርጋላችሁ። ሁለተኛው ግሬፕ የዚያን ደብዳቤ ታሪክ ከገባበት እስከ ወጣበት በቅደም ተከተል ያስቀምጥላችኋል።

ከዚያ ውስጥ አንዷን መስመር ቀረብ ብለን እንያት። «ዲሌይስ» ከሚለው ቃል ቀጥሎ በያዘመመ መስመር የተለያዩ አራት ቁጥሮች አሉ፤ ለምሳሌ 0.1፣ 0.02፣ 30፣ 0። የመጀመሪያው ደብዳቤው ተቀብሎ ወረፋ እስኪገባ የወሰደው ጊዜ ነው። ሁለተኛው በወረፋው አስተዳዳሪ እጅ የቆየበት፣ ሦስተኛው ከወዲያኛው ሰርቨር ጋር ለመገናኘት የፈጀው፣ አራተኛው ይዘቱን ለማስተላለፍ የፈጀው። ሁሉም በሴኮንድ ነው። ሦስተኛው ላይ ልክ 30 ካያችሁ በአጋጣሚ አይደለም፤ ፖስትፊክስ ለመገናኘት የሚጠብቀው 30 ሴኮንድ ነው፣ ጠብቆ ተስፋ ቆርጧል ማለት ነው። ሁለተኛው ቁጥር ከተለጠጠ የራሳችሁ ሰርቨር ወረፋ ተጨናንቋል። አራተኛው ከተለጠጠ አንዱ የ20 ሜጋባይት ፒዲኤፍ አያይዟል፣ ወይም መስመሩ ቀጭን ነው። አራት ቁጥር አይታችሁ ጥፋቱ ከማን እንደሆነ ትለያላችሁ። በማውስ የሚነካው የአስተዳዳሪ ገጽ ብዙ ጊዜ ይህን አያሳይም፤ «በመጠበቅ ላይ» ብሎ ቢጫ ነጥብ ያበራላችኋል።

ሰዓት ላይ ደግሞ እኛ አንድ ተጨማሪ ሒሳብ አለብን። ወይዘሮዋ ከፋይናንስ ደውለው «ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ነው የላክሁት» ይላሉ። ሰርቨሩ በአዲስ አበባ ሰዓት ከተሞላ ሎጉ ላይ የምትፈልጉት 09:00 ነው። ሰርቨሩ ግን እንደብዙዎቹ በዩቲሲ፣ ከእኛ 3 ሰዓት ወደኋላ ባለው የዓለም ሰዓት፣ ከሆነ የምትፈልጉት 06:00 ነው። ማለትም በዩቲሲ ከተጻፈው ላይ 3 ስትቀንሱ ሰው አፍ ላይ ያለውን ሰዓት ታገኛላችሁ። ይህን ያላወቀ አዲስ ሠራተኛ 03:00 ላይ ፈልጎ «ምንም የለም፣ አልላኩም» ብሎ ሪፖርት ያደርጋል፤ ወይዘሮዋም ይቆጣሉ፣ እውነታቸውን ነው። ቀኑን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከነገሩት ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። በቴሌግራም የላኩትን የስክሪን ፎቶ ጠይቁ፣ ይሻላል።

ሎግ ዘላለማዊ እንዳይመስላችሁ። በዴቢያንና በኡቡንቱ ልማዱ በየሳምንቱ እየታጠፈ አራት ሳምንት ያህል ማቆየት ነው፤ የታጠፈው ስለሚጨመቅ «ዚግሬፕ» ያስፈልገዋል። መሥሪያ ቤታችሁ የጨረታ ደብዳቤ የሚለዋወጥ ከሆነ አራት ሳምንት አይበቃም። ቅሬታ የሚመጣው ሁልጊዜ ከወር በኋላ ነው።

አሁን ወደሚያስፈራው ልምጣ። አንድ መሥሪያ ቤት፣ ስሙ ይቅር፣ የአንድ ሠራተኛ ፓስወርድ ተገምቶ በሌሊት በእርሱ ስም የውጭ አገር ማስታወቂያ በገፍ ተላከ። ጠዋት ወረፋው ሞልቷል፣ የመሥሪያ ቤቱ አድራሻ በጥቁር መዝገብ ገብቷል። አይቲ ክፍሉ ምን አደረገ? «ፖስትሱፐር ሰረዝ ዲ ኦል» አለ። ሁሉንም ሰረዝ ማለት ነው። ማስታወቂያው ጠፋ፤ አብሮት ግን ሌሊቱን ወረፋ ላይ የቆየ የደንበኛ ደብዳቤ ሁሉ ጠፋ፣ ምን እንደተላከ የሚያሳየውም ምስክር ጠፋ። ፓስወርዱ ስላልተቀየረ በቀጣዩ ሌሊት ወረፋው እንደገና ሞላ።

ትክክለኛው አካሄድ ሰረዝ ዲ ሳይሆን ሰረዝ ኤች ነው፣ ትንሹ ኤች። «ፖስትሱፐር ሰረዝ ኤች ኦል» ሁሉንም ባለበት ያቆማል። አይጠፋም፣ አይላክም፣ ቃለ አጋኖ ይለጠፍበታል። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ይህ ነው። ከዚያ ወደ ሎጉ ትሄዱና «ሳስል ዩዘርኔም» የሚለውን ታወጣላችሁ፤ በየትኛው አካውንት እንደተገባ እዚያ ተጽፏል። በአካውንት ቆጥራችሁ ደርድሩት፣ ከላይ የሚቀመጠው ጥፋተኛው ነው። ፓስወርዱን ቀይሩ። ቀይራችሁ ግን አትመለሱ፤ ዶቭኮት ያረጋገጠውን ፓስወርድ ለጊዜው በአእምሮው ይዞ ሊሆን ስለሚችል «ዶቭአድም ኦዝ ካሽ ፍላሽ» በሉ፣ ውስጥ የቀረውን «ዶቭአድም ኪክ» ብላችሁ አስወጡ። ኪክ የሚያስወጣው ሳጥኑን የከፈተውን እንጂ መስኮቱ ላይ የቆመውን እንዳልሆነ ግን ልብ በሉ።

ቆሻሻውን ከንጹሑ መለየቱ የሚቀጥለው ነው። ከፖስትፊክስ 3.1 ጀምሮ «ፖስትኪው ሰረዝ ጄ» ወረፋውን በጄሰን፣ ለፕሮግራም በሚመች አጻጻፍ፣ ያወጣል፤ በእያንዳንዱ መስመር አንድ ደብዳቤ፣ ከነላኪው፣ ከነተቀባዮቹ፣ ከነመዘግየቱ ምክንያት። «ጄኪው» በሚባለው መሣሪያ የዚያን ላኪ ብቻ አጣርታችሁ መለያዎቹን አውጡ። ወደ ፋይል ጻፏቸው። ከፋይሉ ጥቂቱን መርጣችሁ «ፖስትካት ሰረዝ ኪው» እያላችሁ ይዘታቸውን እዩ። ቆሻሻ መሆኑን ካረጋገጣችሁ ያን ዝርዝር ለ«ፖስትሱፐር ሰረዝ ዲ» በፓይፕ አቀብሉ፤ ከመለያ ቦታ አንዲት ሰረዝ ብቻ ስታስገቡ ከመስመሩ የሚመጣለትን ያነባል። የቀረውን በትልቁ ኤች ልቀቁት። ትንሹ ያስራል፣ ትልቁ ይፈታል።

እዚህ ላይ መሐንዲሶቹ ራሳቸው መመሪያው ውስጥ የጻፉት ማስጠንቀቂያ አለ። የፖስትፊክስ አጭሩ መለያ አንድ ደብዳቤ ሲወጣ ለሌላ ሊደገም ይችላል። ዝርዝሩን ጠዋት አውጥታችሁ ከሰዓት በኋላ ብትሰርዙ፣ ዕድሉ ጠባብ ቢሆንም፣ የሌላ ሰው ደብዳቤ ልታጠፉ ትችላላችሁ። ከ2.9 ወዲህ የማይደገም ረጅም መለያ መጠቀም ይቻላል፤ «ኢኔብል ሎንግ ኪው አይዲስ» የሚለውን «የስ» ማድረግ ነው። ነገ ግቡና አድርጉት፣ የሚያስከፍለው ነገር የለም።

የአማርኛ ደብዳቤ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ሌላ አገር የተጻፈ መመሪያ ይህን አይነግራችሁምና። «ፖስትካት» ብላችሁ የአማርኛ ርእስ ያለው ደብዳቤ ስትከፍቱ ርእሱ ላይ ፊደል አታገኙም። የእኩል ምልክት፣ የጥያቄ ምልክት፣ «ዩቲኤፍ 8»፣ «ቢ»፣ ከዚያ የተዘበራረቀ የላቲን ፊደልና ቁጥር ነው። ተበላሽቶ አይደለም፤ የኢሜይል ራስጌ ድሮ ለእንግሊዝኛ ፊደል ብቻ ስለተሠራ የእኛ በቤዝ 64 ተጠቅልሎ ነው የሚሄደው። እያንዳንዱ የግእዝ ፊደል በዩቲኤፍ 8 ሦስት ባይት ይይዛል፤ ቤዝ 64 ደግሞ ሦስት ባይትን በአራት ምልክት ይጽፋል። ስለዚህ አንድ ፊደል ልክ አራት ምልክት ይሆናል። የተለመደው ፊደላችን ሁሉ በአንድ አካባቢ ስለተቀመጠም እያንዳንዱ አራት ምልክት በቁጥር 4 እና በትልቁ ዋይ ይጀምራል። «ሰላም» የሚለው አራት ዋይ፣ አራት ዋይ፣ አራት ዋይ እያለ ይሄዳል፤ ከመጀመሪያው ክፍተት በኋላ አሰላለፉ ይዛነፋል። ዓይናችሁ ሲለምድ ሳትፈቱት የአማርኛ ደብዳቤ መሆኑን ታውቃላችሁ። መፍታት ካስፈለገ «ቤዝ64 ሰረዝ ዲ» አለ። አንድ ጥቅል ከ75 ምልክት እንዳይበልጥ ደንብ ስላለ በአንዱ ውስጥ የሚገባው የእኛ ፊደል 15 ያህል ነው። ረጅም የስብሰባ ጥሪ ርእስ በሦስትና በአራት ጥቅል ተቆራርጦ የምታዩት ለዚህ ነው።

ይህ ምን ያመጣል? ፖስትፊክስ ውስጥ «ሄደር ቼክስ» የሚባል ማጣሪያ አለ፤ ርእሱ ላይ ይህ ቃል ካለ አትቀበል ለማለት። ማጣሪያው የተጠቀለለውን አይፈታም። በአማርኛ «እንኳን ደስ አለዎት፣ ሽልማት ደርሶዎታል» የሚል ማጭበርበሪያ ልትዘጉ ቃሉን በፊደል ብትጽፉለት በጭራሽ አያገኘውም። እንዲህ ያለውን እንደ አርስፓምዲ ላለ፣ ፈትቶ ለሚያነብ ማጣሪያ ስጡት።

ዶቭኮት በዚህ በኩል ይሻላል። «ዶቭአድም ሰርች» ብላችሁ የተጠቃሚውን ስምና በርእስ ውስጥ የሚፈለገውን የአማርኛ ቃል ስትሰጡት ፈትቶ ይፈልጋል። ግን ፊደላችንን አያውቅም። «ሠራተኛ»ን በንጉሡ ሠ ከፈለጋችሁ በእሳቱ ሰ የተጻፈውን አያመጣም፤ ለእርሱ ሁለት የተለያዩ ቃላት ናቸው። «ሀይል»ና «ኃይል»ም እንደዚያው። ስለዚህ ሁለቱንም አጻጻፍ በመካከል «ኦር» አስገብታችሁ ፈልጉ። የውስጥ ኦዲት «ስለ ሠራተኛ ቅጥር የተጻጻፉትን አውጡ» ሲላችሁ በአንዱ አጻጻፍ ብቻ ፈልጋችሁ «ያለው ይህ ነው» ብላችሁ እንዳትፈርሙ።

ዶቭአድም ሰፊ ነው፣ ሁሉን አልዘረዝርም። «ዶቭአድም ሁ» አሁን ማን ከየት አይፒ እንደገባ ያሳያል። «ዶቭአድም ኦዝ ቴስት» ፓስወርዱ ትክክል መሆኑን ይፈትሻል፤ «ፓስወርዴ አይሠራም» ለሚል ሰው ስልኩን ተቀብላችሁ ከመጎርጎራችሁ በፊት ይህን ሞክሩ። «ዶቭኮንፍ ሰረዝ ኤን»ና የፖስትፊክሱ «ፖስትኮንፍ ሰረዝ ኤን» የተቀየረውን ቅንብር ብቻ ያወጣሉ፤ ከሌላ ሰው የተረከባችሁትን ሰርቨር ለማወቅ ከዚህ የተሻለ መግቢያ አላውቅም።

አንዱ ላይ ግን ቆም እንበል፣ «ዶቭአድም ኤክስፐንጅ»። ደብዳቤ በፍለጋ መስፈርት ያጠፋል፤ ለምሳሌ ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ከ30 ቀን በፊት የገባውን። «ሰረዝ» ብላችሁ ትልቁን ኤ ከጨመራችሁ በሁሉም ተጠቃሚ ላይ ይሠራል። ጸሐፊዎቹ ይህን አስበው የሳጥኑን ስምና ቢያንስ አንድ ሌላ መስፈርት ካልሰጣችሁት እምቢ እንዲል አድርገውታል። ያም ሆኖ «ኢንቦክስ» ብሎ የተሳሳተን አያድንም። መስፈርቱ ከ«ሰርች» ጋር አንድ ዓይነት ነው። መጀመሪያ «ሰርች» ብላችሁ ጻፉ፣ ስንት እንደሚመጣ ቁጠሩ፣ ቁጥሩ ከገመታችሁት ጋር ከተቀራረበ የላይ ቀስቷን ተጭናችሁ ያቺን አንድ ቃል ብቻ ቀይሩ። ብዙ ሳጥን የሚነካ ረጅም ሥራ ከሆነ ደግሞ በ«ቲመክስ» ውስጥ ጀምሩት፤ ኢንተርኔቱ ቢቋረጥ ሥራው አብሮ አይቋረጥም።

ከውጭ መፈተሽን በአጭሩ። «ስዋክስ» የሙከራ ደብዳቤ ልኮ ንግግሩን መስመር በመስመር ያሳያችኋል፣ ልመዱት። ሌላ ከሌለ «ኦፕንኤስኤስኤል ኤስ ክላየንት» አለ፤ በደብዳቤ መላኪያው በር፣ በ587 ፖርት፣ ስትሄዱ «ስታርትቲኤልኤስ ኤስኤምቲፒ» ጨምሩ። በዚህ መሣሪያ የሚገርም ወጥመድ አለ። መስመሩ በትልቁ አር ከጀመረ መሣሪያው ለራሱ የተሰጠ ትእዛዝ አድርጎ ይወስደዋል፣ ለሰርቨሩ አያደርሰውም። ተቀባዩን የምትናገሩበት ትእዛዝ ደግሞ በአር ነው የሚጀምረው! ሰዎች ሰርቨሩ እምቢ አለ ብለው ይደመድማሉ። በትንሹ አር ጻፉት፣ ወይም «ሰረዝ ኳየት» ጨምሩ።

የዲኤንኤሱ ፍተሻ በ«ዲግ» ነው። ጂሜይል 5.7.25 ብሎ ከመለሰላችሁ አይፒያችሁ የተገላቢጦሽ ስም፣ ፒቲአር፣ የለውም። 5.7.26 ካለ የላኪውን ዶሜን እውነተኛነት የሚያሳዩት ኤስፒኤፍም ዲኪምም አልተረጋገጡም። ሁለተኛውን ራሳችሁ ታስተካክላላችሁ። የመጀመሪያውን ግን የአይፒው ባለቤት የሆነው ኢንተርኔት አቅራቢ ነው የሚጽፈው፤ «ዲግ ሰረዝ ኤክስ» ባዶ መመለሱን አይታችሁ ያን ወረቀት ላይ አትማችሁ ደብዳቤና ማህተም ይዛችሁ መሄድ ነው። ትእዛዝ መስመሩ እዚህ ላይ ያበቃል።

ከዚህ በኋላ ጥያቄዎች ነበሩ፤ ሁለቱን አስቀምጣለሁ።

አንድ ወጣት እንዲህ አለ፦ «ጋሼ፣ መሥሪያ ቤታችን ወደ ክላውድ እየሄደ ነው። ይህን ሁሉ ለምን እንማራለን?»

ሄዳችሁም ዲግና የደብዳቤ ራስጌ ማንበብ አብረዋችሁ ይሄዳሉ። ማይክሮሶፍት ጋ ከሆነ ደግሞ ከኤክስቼንጅ 2007 ጀምሮ በማውስ የሚነካው ገጽ ራሱ ከሥር ፓወርሼል ነበር የሚያስሠራው፤ ቢሮ ውስጥ በተተከለው ኤክስቼንጅ ላይ «ጌት ኪው» የሚለው ትእዛዝ የሜይልኪው ወንድም ነው። ዚምብራ የሚባለው የኢሜይል ሥርዓት ከሆነ ውስጡ ያለው ያው ፖስትፊክስ ነው። እዚያ ግን ቅንብሩን በፖስትፊክስ ፋይል ላይ አትጻፉ፣ ዚምብራ ይደመስስባችኋል፤ በ«ዚኤም ፕሮቭ» አሳልፉት። ክላውድ የሚያስቀርላችሁ የወረፋውን ጥበቃ ነው። «ለምን ተመለሰ?» የሚለው ጥያቄ ግን ከእናንተ ጠረጴዛ አይነሳም፤ ዳይሬክተሩ የሚደውሉት ለእናንተ ነው።

ከኋላ የተቀመጠች እህታችን ደግሞ እንዲህ ስትል ጠየቀች፦ «ሥር ላሉ ልጆች ሩት፣ ሁሉን የሚችለውን ሥልጣን፣ ሳልሰጥ እንዴት ላሠራቸው እችላለሁ?»

ጥሩ ጥያቄ ነው፣ መልሱም ቀላል ነው። ፖስትፊክስ ሲጫን ሜይልኪውን ማንም ተራ ተጠቃሚ ማየት ይችላል፣ የሩትን ሥልጣን ለአንድ ትእዛዝ የሚያውሰው ሱዱ አያስፈልገውም። ሎጉን እንዲያነቡ ደግሞ በኡቡንቱ «ኤዲኤም» የሚባለው ግሩፕ ውስጥ አስገቢያቸው። በእነዚህ ሁለቱ ብቻ ዛሬ ካወራነው አብዛኛውን ይሠራሉ። ፖስትሱፐር ሩት ይፈልጋል፤ ከፈለግሽ በሱዱ ደንብ ሰረዝ ትንሹን ኤች ብቻ ፍቀጂላቸው፣ ማቆም ይችላሉ፣ ማጥፋት አይችሉም። ፖስትካትንና «ዶቭአድም ፌች»ን ግን አትስጪ። እነዚህ የሰው ደብዳቤ ከነሙሉ ይዘቱ የሚከፍቱ ናቸው፤ አሁን የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 አለ። አለቃ እንኳ ቢሆኑ «የእገሌን ሳጥን ክፈትልኝ» ሲሉ በጽሑፍ ይጠይቁ፣ የከፈተው ማን እንደሆነና መቼ እንደሆነ ይመዝገብ። ሱዱ የሠራውን ሁሉ «ኦዝ ነጥብ ሎግ» ላይ ይጽፋል፤ ሩት ሆኖ በቀጥታ የገባ ሰው ግን ምን እንደከፈተ እዚያ አይጻፍም። ስለዚህ በቁራጭ ወረቀት የተረከባችሁትን የሩት ፓስወርድ ቀይሩና ሁሉም በየስሙ ይግባ።